ያልተነካው ነጭ

ገና ጎሕ ሲቀድድ፣ ጀልባዎች ሳይነሱ፣
ሻላዎች በድንጋይ ላባ እየዳበሱ፣
በርጩማ በብብቴ፣ ወረቀት በጀርባ፣
ከዋርካው ሥር ወረድሁ፣ ከጭቃ ልግባባ።

ውኃ አልያዝሁም ከቤት። ለምኑ ልሸከም?
ሐይቁ ራሱን ይሣል በራሱ ውኃ ቀለም።
በማርማላታ ጠርሙስ ጎንበስ ብዬ ቀዳሁ፣
ከነዓሣ ጫጩቷ፤ እሷን መልሼ ሰደድሁ።

ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህንን ሐይቅ በካርታ ሣልሁ፤
አንድ ዓይነት ሰማያዊ ሞላሁ፣ ዳሩን በቀለም ዘጋሁ።
ጡረታ ስወጣ ነው ቀና ብዬ ያየሁት፤
ለካ ዳር የለውም፤ እኔ ነኝ ያሰመርሁት።

የውኃ ቀለም ሕጉ ከዘይቱ ይርቃል፤
ያልነኩት ያበራል፣ የነኩት ግን ያልቃል።
ነጭ የሚባል ቀለም የለም፤ ወረቀቱ ነው ነጩ፤
አንዴ ከደፈረሰ አይመለስም ምንጩ።
ስለዚህ መጀመሪያ የምተወውን ቆጠርሁ፦
ፀሐይ የመታውን የታንኳ ጎን ተውሁ፣
የሳቢሳን አንገት ተውሁ፣
በሞገድ ጫፍ ብልጭ የምትል አንዲት ነገር ተውሁ።
ከዚያ ሰማዩን አራስሁት፤ ሰማያዊ ጠብ ባደርግበት፣
እንደ ሠፈር ወሬ ሮጠ፣ ያልጠራሁት ቦታ ገባበት።

ጋሽ እንድሪስ ከጎኔ ታንኳ ያስራል ተቀምጦ፣
ገመዱን በጥርሱ ስቦ፣ ደንገሉን በጉልበቱ ረግጦ።
ሳይጠጋኝ ብዙ ቆየ። ረፋድ ላይ ግን መጣ፤
ራሱን ዘንበል አድርጎ፣ ጣቱን ቀስ ብሎ አወጣ።

«የኔ ታንኳ የታለች?»
«ይቺውና፣ ነጯ።»
«እዚህ ምንም የለማ!»
«ስላልነካሁት ነው።»
ሳቀ። ሳቁ ደንገሉን ሳይቀር አንቀጠቀጠው።
«እኔ አምስት ቀን ስለፋ፣ እጄ በገመድ ሲቆረጥ፣
አንቺ ሳትነኪ ሠራሽ? ምነው ለኔም ቢሰጥ!»

ከዚያ ዝም አለ። ዝምታው ረዘመብኝ።
ጣቱ በስተግራ ሄዶ፣ ከዳሩ ላይ ቆመብኝ።
«እንቦጩስ?»

እንቦጩ።
አጠገባችን ነበር፣ አረንጓዴው ተነጥፎ፣
ሐምራዊ አበባ ሰክቶ፣ ዓሣ መውጫውን ዘግቶ፣ ወደቡን አልፎ።
እኔ ግን በዚያ በኩል ጥርት ያለ ውኃ ስዬ ነበር፤
ልጅ ሳለሁ የማውቀውን፣ አሸዋው የሚታየውን ዳር።

«ባለፈው ጥቅምት» አለ፣ «እስከ ደረታችን ገብተን፣
ባካፋ፣ በገመድ፣ በእጅ፣ አርባ ቀን ነቅለን፣
ከምረን ዞር ስንል ከኋላችን በቅሎ ጠበቀን።
አንቺ በዚች ጭራ
ባንድ ጠዋት አጸዳሽው።»

ወቀሳ አልነበረም። ወቀሳ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።
ሐምራዊ በጠበጥሁ፤ ቀዩን በሰማያዊ አሸሁ፤
ከዕለቱ ቀለም ሁሉ የሚያምረው እሱ ሆነ፣ አፈርሁ።
ብሩሼን ላሳርፍ ስል፣
«ተይው» አለ፣ እጄን ሳይነካ እጄን ይዞ።
«አንድ ቦታ እንኳ ይጥራ።»

ሐይቁ ግን ከሁለታችንም ፈቃድ አልጠየቀም።
ነፋሱ ከሰሜን ዞረ፤ ሦስት አራት ጠብታ
ዘጌ ላይ አረፈ፤ ዛፎቹ ቀለጡ በዝግታ፤
ከብሩሼ ጫፍ ያንጠለጠልሁት ሐምራዊም ወደቀ፣
ከጠራው ውኃ መሀል ፈነዳ፣ ሰፋ፣ ጠለቀ።
«በቀለ» አለ ጋሽ እንድሪስ፣
ወደ ገመዱ ተመለሰ።

የደፈረሰውን ጠርሙስ ከዋርካው ሥር ደፋሁ፤
ወደ ሐይቁ መመለስ እጄ እንቢ አለኝ፣ ፈራሁ።

ወደ ማታ ታንኳው አለቀ። እንቦጩን ከፍሎ ሲሄድ፣
ከኋላው ለአፍታ ታየ የጠራ ውኃ መንገድ፤
ቀጭን፣
ብሩሽ የሳበው የሚመስል።
ቸኩዬ አዲስ ወረቀት ብገልጥ፣
ተገጠመ።