ምክንያት፦ ስንፍና

ቂርያት ጋት ነው ሥራዬ፣ በአራተኛው መስኮት፣
የሽማግሌ ዕድሜ ስመዝን በወረቀት።
«ይገባዋል»፣ «አይገባውም»፤ በዚህች ብዕር ነው ማደሬ፤
አንዱ መርቆኝ ይወጣል፣ ሌላው ያዝንብኛል እስከ ዛሬ።

አቶ ደሴ ምናሴ፣ በከዘራ ተደግፈው፣
«አገር ቤት ያገለገልኩት ይቆጠራል ወይ?» አሉኝ።
«አይቆጠርም አባቴ» አልኩ። ወረቀታቸውን አጥፈው
ኪሳቸው ከተቱና ምንም አልመለሱልኝ።

በዚያው ሳምንት እታገኝ፣ የአባቴ እኅት፣
ከአልጋዋ ሥር የቆርቆሮ ሣጥን ጎትታ አወጣች፤
በር የሌለው ቁልፍ፣ የመነጽር ስባሪ፣
ምስጥ ጠርዙን የቀመሰው የጡረታ ደብተር።
ስሙን አነበብኩ፦ ገብረ ኪሮስ።
«ይሄ ደግሞ ማነው?»
«አያትሽ ነዋ፣ ባያብል» አለች፣ ሽንኩርት መላጧን ሳትተው።

«ባያብል ብሎ ቢሄድማ ማን ሊቀጥረው ኖሯል?
ቀጥቃጭ፣ ያውም የእኛ ሰው፣ ‹ማታ ጅብ ይሆናል› ተብሎ ሲፈራ!
ስም ተበደረ፣ ገባ። ስንት ዓመት ቆየ? እኔ ምኑን አውቄ፤
እሱ እንደሆን ስለ ሐረር ትንፍሽ አይል፣ አያወራ።»

አዲስ አበባ ጻፍኩ። መልስ የለም። ደገምኩ። ሦስተኛ።
የማላውቀው መዝገብ ቤት፣ ምናልባት እንደኔ የሰለቸው መስኮተኛ።
በስምንተኛው ወር፣ አሥራ አንድ ገጽ፣ ስልኬ ላይ መጣ፤
ደብዛዛ ፎቶ፣ ጥጉ ላይ የጸሐፊው ጣት አብሮ የወጣ።

ገብረ ኪሮስ ናድው። የመሣሪያ ጥገና ክፍል። ሐረር።
ቁመት፦ አጭር። ሃይማኖት፦
እዚህ ላይ የቀለም ጠብታ አለ፤
ጸሐፊው ያፍስሰው፣ እሱ ራሱ፣ እግዜር ይወቅ፤ ቃሉ ተከለለ።
ፊርማ፦ የአውራ ጣት አሻራ።
የእሱ መሆኑን በምን ልወቅ? ጣቱን እንደሆን አላየሁት፤
እኔ ስወለድ ሱዳን ቀርቶ ነበር፣ የኡም ራኩባ አፈር በልቶት።

ገጽ ዘጠኝ። የቅጣት መዝገብ። ዘመኑ ሃምሳ አንድ።
መስከረም ፳፬፣ የሁለት ቀን ደመወዝ። ምክንያት፦ ስንፍና።
ጥቅምት ፰፣ የሁለት ቀን። ምክንያት፦ ስንፍና።
ኅዳር ፳፣ የሦስት ቀን። ምድጃውን አላነድም በማለቱ። ስንፍና።
ታኅሣሥ ፬።
ጥር ፱።

ሰነፍ አያት። እሺ፣ ይሁን።
ስልኩን ላጠፋ ስል የሥራ ልማዴ ያዘኝ፤
ቀን ማመሳከር፣ የሐሰት ሰነድ ማነፍነፍ።
የድሮ መቁጠሪያ ፈልጌ ከፈትኩ፦
መስከረም ሃያ አራት፣ ቅዳሜ።
ጥቅምት ስምንት፣ ቅዳሜ።
ኅዳር ሃያን ሳላይ አወቅሁት።

ውጭ የሰንበት መግቢያ ጡሩምባ ጮኸ።
ዐርብ መሆኑን ረስቼው፣ እጄ ላይ ስልኩ እንደበራ፤
እኔ ቅዳሜ መኪና አስነሥቼ ባሕር የምወርደው የልጁ ልጅ፣
የእሱን የከሰል ጥቁር ጣት ከመስተዋቱ ላይ ስደባብስ።

ሰንበት ሲወጣ ለእታገኝ አነበብኩላት።
«ሰነፍ ይላል» አልኳት። ሳቀች፣ እስክታስል ሳቀች።
«እሑድ እሑድ ሰዉ ሁሉ ሲተኛ፣
ብቻውን ሲቀጠቅጥ የዋለውንስ ማን ጻፈለት?»

የመጨረሻው ገጽ ሒሳብ ነው። ቅጣቱ ተቀናንሶ፣
በወር አሥራ አራት ብር ከሠላሳ አምስት ሳንቲም።
ደግሜ ደመርኩት። ልክ ነው። ጸሐፊው አልተሳሳተም።

እሑድ ጠዋት ለአቶ ደሴ ደወልኩ።
«ተፈቀደ?» አሉኝ።
«አልተፈቀደም።»
«እና ለምን ልምጣ?»
«የት የት እንደነበሩ ይንገሩኝ» አልኳቸው።
«ቅጹ ላይ ቦታ የለውም፤
ከጀርባው እጽፋለሁ።»