ጓንት

ሰውን ከፊቱ በፊት በእግሩ ነው የማውቀው፤
ጎንበስ ብዬ ስኖር ይኸው ሃያ ዓመቴ ነው።
ከአዌቱ ማዶ ባለችው ክሊኒክ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ፣
ሳፋ እደረድራለሁ፤
ለብ ያለ ውሃ፣ ሳሙና፣ ጥቂት ጠብታ በረኪና፤
ቀዩ ጭቃ ያሳበጠው እግር ይመጣል፣ በጠዋት ገና፤
ከማና፣ ከሰቃ፣ ከዴዶ፣
የዳገቱን ዝናብ ለብሶ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ፤
ልኩ ጫማ ያጣ፣ በጆንያ የተጠቀለለ፣
ከሠርግም ከለቅሶም ራሱን የከለለ።

አጥባለሁ። በጣቶቹ መሀል እገባለሁ፤
አደርቃለሁ፣ ቫዝሊን እቀባለሁ፤
በባዶ እጄ። ጓንቱ ለቁስል ነው፤
ያልቆሰለውንማ እጅ ነው የሚያድነው።

አንድ እግር ሲቀር።
የጓድ ሽብሩ እግር።

ለእሱ አንድ አይበቃኝም፣ ሁለት ጓንት እደርባለሁ፤
ፊቱን አላይም፣ ውሃውን አያለሁ።
«እግዜር ይስጥልኝ» ይላል፣ ከባለ ሦስት እግሯ በርጩማ ላይ ሆኖ፤
አያውቀኝም። ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ ድምፁ እንደ ጉም በንኖ።

እኔ ግን ይህን እግር ሳይከብድ ነው የማውቀው፣
ቡትስ ጫማ ሳለው።
ሌሊት ነው፤ የሰኔ ዝናብ ሂርማታን ሲመታ፣
ተረከዙ መጣ፣ ከቆርቆሮ በራችን ሊማታ።
እናቴ ኩራዙን አጠፋች። ገረመው ሸሚዙን ሳይቆልፍ ወጣ፣ በአንድ እግር ጫማ፤
የግራው አልጋ ሥር ቀረ። ወንድሜ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አልተሰማ።

ጊዜው ተለወጠ። ቡትሱም አለቀ። እሱም በባዶ እግሩ
ቦዬ ረግረግ ዳር የጡብ ጭቃ ሲያቦካ ኖረ፣ ለአዳሩ።
ቅጣት አይደለም፣ ሕመም ነው ብዬ ሰው የማስተምር እኔው ነኝ፤
ውሃው ሲደፈርስ ግን፣ አንዳንዴ፣ «ይበለው» አሰኘኝ።

ጸሎተ ሐሙስ ደረሰ። በአንድ ሰው መሳም ምክንያት
ሰው ሁሉ መሳሳም የተወበት ሳምንት።
ቅጥሩን ሞልቶታል ጉልባኑ፣ የወይራው ቅጠሉ፤
አባ ኅሩይ ፎጣ ታጥቀው፣ የታመመ ወገባቸውን እያባበሉ፣
ከእግር ወደ እግር በጉልበታቸው ይመጣሉ።
ከምሰሶው ኋላ እግሬን ነጠላዬ ሥር ሰበሰብኩ፤
«አይሆንም አባቴ፣ እኔ አጣቢ ነኝ» አልኩ።
«ጴጥሮስም ውሃ ያውቅ ነበር፣ ዓሣ አጥማጅ ነበር ልጄ።»
እግሬን ሳቡት። የት ይግባ ሥራ የፈታ እጄ?

መዳፋቸው ሸካራ ነው። ውሃው ቀዝቃዛ።
እናቴ ካለፈች ወዲህ እግሬን የነካው የለም።
እንዲያው ሳላስበው፣ በልቤ፦
ይሁዳ በሰልፉ ስንተኛ ነበር?
ያችን ተረከዝ በባዶ እጁ ሲይዛት፣
በዚያች ሌሊት የምትሄድበትን መንገድ እያወቀ፣
በጣቶቹ መሀል ገባ? ወይስ በጥድፊያ አደረቀ?
ታጥቦም ሄደ፤ ውሃው አልመለሰው።
አጣቢውም ያውቅ ነበር።
ቢሆንም አጠበው።

አባ በቅጠሉ አበሱኝ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ አላለቀስኩም።
ጉልባኔን በፌስታል ቋጥሬ ወጣሁ፤ ለማንም አልነገርኩም።

ከፋሲካ በኋላ፣ ማክሰኞ፣ ዝናቡ ሲወርድ አድሮ፣
ሽብሩ መጣ፣ እግሩን በአዲስ ጆንያ አስሮ።
«እንኳን አደረሰሽ» አለ።
«አብሮ ያድርሰን» አልኩት፣ ሳፋውን።
እንደ ልማዴ ሁለት ሁለት ጓንት ደርቤ፣
የግራ እግሩን ሳነሳ፣ አልጋ ሥር ያለው ጫማ መጣ ከልቤ።
ቆምኩ። ውሃው ሲቀዘቅዝ አየሁት።
ከዚያ የቀኝ እጄን ጓንት አወለቅኩ፣ ሁለቱንም።
ቆዳው ይሞቃል። እንደ ማንኛውም።

ግራ እጄ እንደለበሰ ነው።
የሚቀጥለው ማክሰኞ ሩቅ ነው።