አንገቷ ምን ይመስላል?

ከሌሊቱ አሥር ሰዓት፣ ውርጩ ጥርሱን ስሎ፣
አጎቴ ታውኖ ከኋላ፣ እጁን ትከሻዬ ላይ ጥሎ፣
ኩሳሞ ጫካ መሀል፣ በጥድ ሳንቃ የተመታች፣
ለሁለት ሰው ጉልበት እንኳ የጠበበች
ጎጆ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን።

ከፊታችን በረዶው ላይ፣ መኪና የገጨው አጋዘን፤
ትናንት በገመድ የጎተትነው፣ ንስሯ ትመጣ እንደሆን።

ታውኖ ዓይኑ ከጠፋ፣ ዘንድሮ አምስት ዓመቱ፤
«ልይ» ብሎ መጥቷል ግን፤ በጆሮው ነው ማየቱ።

ፔርሙዛችን ቀዘቀዘ። ጣቴ ከጓንቱ ወጥቶ፣
ከብረቱ ሊጣበቅ ደረሰ፣ ቁልፉ ላይ ሰንብቶ።

መጀመሪያ ቁራዎች መጡ፤ እንደ ገበያ ተንጫጩ፤
ሥጋውን እየነጩ፣ እርስ በርስ እየተናጩ።
መቶ ጊዜ አነሳሁ፤ መቶውም የቁራ ጭራ፤
«ፊልምሽን ቆጥቢ» ይለኛል፣ ፊልም እንደቀረ ሳያጣራ።

ድንገት ጫጫታው ተቆረጠ።
ታውኖ ክንዴን ጨበጠ።
«መጣች» አለ በትንፋሹ። እኔ ገና አላየሁም፤
ሰማይ ሰማዩን ሳስስ፣ እሷ ከሰማይ አልመጣችም፤
ከጥዶቹ ሥር ለሥር፣ ዝቅ ብላ፣ እንደ ሌባ፣
በክንፏ በረዶ እየጠረገች፣ ሰተት ብላ ስትገባ!

አነሳኋት። ስትቆም፣ ስትበላ፣ ቀና ብላ ስታየኝ፣
በሌንሱ ቀዳዳ አሾልካ፣ ማን እንደሆንኩ ስትጠይቀኝ።

እግሯ ላይ ቀለበት አለ። ቁጥሩን አጉልቼ አየሁ፤
ግማሹን ደም ቢሸፍነው፣ የቀረውን ላጎቴ ጠራሁ።
አውራ ጣቱን አሻሸ፤ ጠባሳ አለው፣ የጥፍር፤
«ጫጩት ሳለች ነው የወጋችኝ፣ ጥዱ ላይ ቀለበት ሳስር።
በጋ ነበር፣ ትንኝ ነበር፣ እናቷ ከላይ ትዞራለች፤
አንቺ ያኔ አልተወለድሽም፤ አክብሪያት፣ ትበልጥሻለች።»

የካሜራዬን መስታወት ወደ ፊቱ ባዞር፣ ረስቼ፣
ብርሃኑ ጉንጩ ላይ በራ፤ ሳብኩት አንገቴን ደፍቼ።

«ተዪው» አለ። «ይልቅ ንገሪኝ፤ አንገቷ ምን ይመስላል?»

«ወርቅ» ልል አፌን ከፈትኩ። ወርቅ ማንም ይላል።
ካሜራውን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩ፤
በዓይኔ ብቻ፣ እንደገና አየሁ።

«ጀልባህ ትዝ ይልሃል? ሬንጅ የቀባኸው፣
ማታ ማታ፣ ሐይቁ ዳር፣ ፀሐይ ስታርፍበት?
እንደዚያ ነው።
ጫፍ ጫፉ ግን ነጣ ነጣ ያለበት።»

ብዙ ቆየ።
«ጀልባው አለ እንዴ እስካሁን?»
«አለ። ውሃ ያስገባል እንጂ፣ አለ።»

ሥጋ ሲቀደድ ይሰማል።
ቁራዎቹ ራቅ ብለው ተራ ይጠብቃሉ።
ታውኖ ጆሮውን ወደ ሳንቃው አስጠጋ።

«ክንፏስ?» አለ።