ያለቀ የሚለው ዓምድ

ሦስት መቶ ገጽ ነበር፣ እቅዱን የጻፍኩት፣
ከሽፋኑ ጀርባ፣ ስሜን ያኖርኩበት።
እያንዳንዱን ወንበር፣ እያንዳንዱን ቲኬት፣
የሁለት ዓመት ሥራ፣ በቀን በሰዓት፣
ከታሊን ቢሮዬ፣ ሞቆኝ ተቀምጬ፣
የሂዩማን መርከብ፣ በወረቀት ቆርጬ፣
ባሕሩን ሳልጠይቅ፣ ሰውን ሳላናግር፣
የሚሆነውን ሁሉ፣ ወሰንኩት በቁጥር።

ሁለት ዓመት አልፎ፣ ፈርመን ስናስረክብ፣
ዋጋው ሌላ ሆኗል፣ ሌላ ሆኗል መርከብ።
ደሴቱ ላይ ያሉት፣ አይተው አይተው ዝም፤
አንዲት ሴት ግን፣ ቪርቬ፣ ዓሣ አጫሿ፣
እጇን በሽርጧ ጠርጋ እንዲህ አለችን፦
«ግሩም ነው። እኔ ግን አንድ ነገር ነበር የምፈልገው፤
ዛሬ መርከቡ ይነሳል ወይስ አይነሳም?
እሱን የት ነው የማየው?»
ገጾቹን ፈተሽኩኝ፣ ከራስጌ እስከ ግርጌ፣
መልሷን አላገኘሁ፣ ያን ሁሉ አድርጌ።

በጥር፣ መስኮታችን ውርጭ ሲለብስ፣
ሬሊካ መጣች፣ ባለ ቀለም ወረቀት ታቅፋ።
ግድግዳውን በሦስት ከፈለችው፦
«የሚሠራ»፣ «በእጅ ያለ»፣ «ያለቀ»።
«አጃይል ይሉታል፣ ስሙ አያስጨንቃችሁ፤
ጥቂት ሠርቶ ማሳየት፣ ሰምቶ ማረም ነው።»
ዩሎ ሳቀ፤ ሠላሳ ዓመት ኮድ የጻፈ፣
ስንቱን ፋሽን ያየ፣ እየመጣ ያለፈ።

ጠዋት ጠዋት ቆመን፣ አሥራ አምስት ደቂቃ፣
ማንም አያዘንም፣ የለንም አለቃ፤
ትናንት ምን ሠራሁኝ፣ ዛሬስ ምን አለብኝ፣
መንገዴ ላይ ያለው፣ ድንጋይ ማን ያንሣልኝ።
እግር እየደከመው፣ ወሬ አይረዝምም፤
ወንበር ያላገኘ፣ ሰበብ አይቀመጥም።

ስክረም ነው ይሄ ሁሉ፤ ካድሪ፣ የሥራው ባለቤት፣
የቱ እንደሚቀድም ትናገራለች፣
እንዴት እንደሚሠራ ግን ለእኛ ትተዋለች።
ሁለት ሳምንት ስፕሪንት፣ ሩጫ ነው ትርጉሙ፤
በአሥራ አራተኛው ቀን፣ መቆም ነው ጣዕሙ።
ሠርተን እናሳያለን፣ ከዚያ በሩን ዘግተን
ምን እንዳበላሸን እርስ በርስ እንነጋገራለን።
ይህ ከሁሉ ይከብዳል።

ታርሞ ግን፣ ጥገና ክፍል፣ ስፕሪንት አይሆንለትም፤
ብልሽት ቀጠሮ ይዞ፣ በር አንኳኩቶ አይመጣም።
የእሱ ካንባን ነው፤ ከሦስት ካርድ በላይ በእጅ አይያዝም።
አራተኛ ይዤ፣ ቸኩዬ ስመጣ፣
«ቆይ» አለኝ በእርጋታ፣ «መጀመሪያ አንዱ ይውጣ።»

ዩሎን ደግሞ ከልጅቷ ከፒሬት ጋር አስቀመጡት፣
አንድ ኪቦርድ ለሁለት።
ሁለት ቀን አጉረመረመ። በሦስተኛው፣ ቀስ ብሎ፣
«የአሥር ዓመት ስህተቴን አገኘችው» አለ።

የመጀመሪያ ፍሬያችን አንድ ቃል ነበረች፣
አረንጓዴ ስትሆን «ይነሳል»፣ ቀይ ስትሆን «አይነሳም»።
አፈርኩ። ይህ ሥራ ነው?
ዩሎ ካርዷን አንሥቶ፣ በስተቀኝ ለጠፋት፤
«አለቃ የሌለው ሥራ፣ አለቀ» አላት።
በዚያው ሳምንት ባሕሩ ሲያብድ፣ ቪርቬ ደወለች፦
«ቤቴ ነኝ» አለች። «ቦቲዬን አላጠለቅኩም።»
ሌላ ምንም ሳትል ዘጋችው።

ሦስተኛው ስፕሪንት ከሸፈ።
ማሞቂያው ሙጫውን አላልቶት፣
ካርዱ ሁሉ ሌሊት ወለል ላይ ረገፈ፤
ጽዳት ሠራተኛዋም ጠርጋ ጣለችው።
ጠዋት ባዶ ግድግዳ ፊት ቆመን፣
ከአርባው ትዝ ያለን ሰባት ብቻ ሆነ።
«እንግዲያው የሚያስፈልገን ሰባት ነው» አለች ካድሪ።
ማንም አልሳቀም። ቆይተን ሳቅን።

ያ ሦስት መቶ ገጽ፣ ዛሬም ከእኔ ጋር ነው፣
ስክሪኔን ከፍ አድርጎ፣ አንገቴን ያሳረፈው።
አልጠላውም። አንዳንድ ማታ ገልጬ አነብበዋለሁ፤
ምን ያህል እርግጠኛ ነበርኩ!
ግድግዳው ላይ ግን፣ በእኔ እጅ ጽሑፍ፣
አንዲት ካርድ አለች፣ ከዓምዷ የማታልፍ፤
«ከመጻፍህ በፊት ጠይቅ» ትላለች።
ሬሊካ በየስፕሪንቱ፣ ታያትና ዝም፤
እኔም «በእጅ ያለ» ሥር፣ ትቻት እሄዳለሁ፣
ወደ ቀኝ አልወስዳትም።