የመቃኑ ሒሳብ

ኪቶ ፉርዲሳ ላይ ሁለት ዓመት ሙሉ፣
«የምሰሶን ሸክም አስልታችሁ» ሲሉ፣
አሰላሁ፣ አስረከብኩ፤ ማን ሰነፍ ሊለኝ?
ልቤ ግን ከድልድዩ ወዲያ ማዶ ቀረብኝ።

በግንቦት ዝናብ ቀን፣ ጫማዬ ጭቃ ልሶ፣
ማስታወቂያ አነበብኩ፣ ጠርዙ በውሃ ርሶ፦
«ሒሳብ አያያዝና ፋይናንስ፣ ልዩ ክፍል፤
ከሌላ ዲፓርትመንት ልዛወር ለሚል።
ቦታ፦ አሥራ አራት። ነጥብ፦ ሦስት ተኩል።
ድርሰት፣ ቃለ መጠይቅ፣ የሁለት መምህር ቃል።»

የኔዋ ነጥብ በፀጉር ነው ያለፈች።
ትርፌ፣ የዶርሜ ልጅ፣ «አበድሽ እንዴ?» አለች፤
«ኢንጂነር እያለሽ ሰፈሩ በሙሉ፣
ብር ቆጣሪ ስትሆኚ ደግሞ ምን ሊሉ?»

ድርሰቱ ይጠይቃል፦ «ለምን መጣሽ ትተሽ?
በአምስት መቶ ቃላት፣ ምክንያት ዘርዝረሽ።»
ሦስት ሌሊት ጻፍኩ፣ ሦስት ሌሊት ቀደድኩ፤
«የአገር ኢኮኖሚ» ብዬ ጀምሬ ተውኩ፤
«ከልጅነቴ ጀምሮ» ብዬ ደግሞ ዋሸሁ።

እውነቱ የአባቴ የሱቁ መቃን ነው።

በርጩማ ይጠርባል፣ ዋንዛ ነው እንጨቱ፣
ሂርማታ ገበያ፣ ከጥጉ ነው ቤቱ፤
ፊደል አልቆጠረም፣ ብዕር አይጨብጥም፣
ግን የሰው ገንዘብ ከእጁ አያመልጥም።
በግራው መቃን ላይ ዱቤ የወሰደን ሰው
በቢላ ይጭረዋል፤ ሲከፍል ያብሰው።
በቀኙ መቃን ላይ እሱ ያለበትን፣
የእንጨት ነጋዴውን፣ የቤት ኪራዩን።
አንዷ ጭረት ረጅም፣ አንዷ ጭረት አጭር፣
ጣቱ ያነባቸዋል፣ መብራት ሲጠፋ ጭምር።

ይህንን አልጻፍኩም። አፈርኩ መሰለኝ።
የጻፍኩት ሌላ ነው፣ ሰው የሚወድልኝ።

በትርፌ ጃኬት ውስጥ፣ እጅጌው ረዝሞብኝ፣
(ስትስቅብኝ ከርማ እሷው ናት ያዋሰችኝ)
ገባሁ። ሦስት ሆነዋል፣ ጠረጴዛው ሰፊ፣
አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዱ ደግሞ ጸሐፊ።
ሦስተኛዋ ብቻ መነጽሯን አውርዳ፦
«መጽሐፉን ተይውና፣ ምንድን ነው ዕዳ?»
«ሰው መንገድ ሲቀይር፣ ሱቃችንን ሲያይ፣
እሱ ነው» አልኳት።
 ጻፈች ወረቀት ላይ።

ዝርዝሩ ሐሙስ ወጣ። ከአንድ እስከ አሥራ አራት
በጣቴ ወረድኩት፤ እኔ የለሁበት።
ከግርጌው መስመር ሥር፣ በትናንሽ ፊደላት፣
«መኪያ ተማም፦ ተጠባባቂ ሁለት።»

ተጠባባቂ። ቃሉን ባጃጅ ውስጥ አኘክሁት፣
ከፈረንጅ አራዳ እስከ አጂፕ ደጋገምኩት።
ምንድን ነው የምጠብቀው? የሰው መሰናከል?
የማላውቀው ልጅ ነገር እንዲጎድል?
ማታ ለዱዓ እጄን ዘርግቼ አጠፍኩት፤
የማንን ወንበር ነው፣ ያ ረቢ፣ የለመንኩት?

በሳምንቱ ተደወለ። «ሁለት ሰው ቀረ» አሉኝ፤
ለምን እንደቀሩ ጠየቅኩ፣ አልነገሩኝ።
ፈረምኩ። አርባ አንድ ክሬዲት ሬጅስትራር ሰረዘ፤
አንድ ዓመት ተጨመረ፤ ወጪውም ተከተለ።

የመጀመሪያው ቀን፣ «ዴቢት ግራ» አለ መምህሩ፣
«ክሬዲት ደግሞ ቀኝ»፤ ለሁለት ከፈለው ሰሌዳውን መስመሩ።
ሰው ሁሉ ሲገለብጥ፣ እኔ ብዕሬን ትቼ
ሳቅኩ። ዞሮ አየኝ። ዝም አልኩ አፌን ዘግቼ።

ቅዳሜ ሱቅ ሄጄ ነገርኩት ለአባቴ
ስለተሰረዘው፣ ስለሚጨመረው ዓመቴ።
አልመለሰልኝም። መላጊያውን አኖረ፣
ቢላውን አነሳ፣ ወደ በሩ ዞረ።
«በየትኛው በኩል?» አልኩት። «ማን ነው ባለዕዳ?»
ቆመ፤ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ፤ ከበደው እንግዳ።
ወዲያው አንድ ገዢ መጣ፣ በርጩማ ሊያማርጥ፣
«ስንት ነው?» አለ፤ «ቀንስ» አለ፤ ቢላው ቀረ ሳይቆርጥ።

እስካሁን አልጫረም። ቅዳሜ ቅዳሜ
ሁለቱንም አያለሁ፣ በሩ ላይ ቆሜ።