ከማዶ የመጣ ብርሃን

ካባቴ የወረስኩት ይህ ስቱዲዮ ቤቴ፣
ደረጃው ያቃስታል ሲወጣው እንግዳ፤
አንድ መስኮት አለው ወደ ሰሜን የሚያይ፣
የቀረው በሙሉ የጭቃ ግድግዳ።

እዚህ ፒያሳ ላይ፣ ከቁልቁለቱ አናት፣
ማዶ ፎቅ ነበረ ለዘመን ተገትሮ፣
በረንዳው ያጋደለ፣ ጣራውን ዝገት የበላው፣
ከመስኮቴ ፊት ለፊት ጣውላና ቆርቆሮ።
ብርሃን በጭልፋ፣ በስኒ ተሰፍሮ
ሲደርሰን ኖረናል። አባቴ ሲቀልድ
«ፀሐይም እንደ ቤት ኪራይ አላት» ይላል፣
«ማዶ ያለው ጎረቤት ቀድሞ ይከፍላታል፤
ፍርፋሪው ለኛ፣ ከተረፈ፣ ይደርሰናል።»

አምና በመጋቢት ግሬደሩ መጣ፣
ሦስት ቀን ሙሉ ነው አቧራ የወጣ፤
ሌንሶቼን በፎጣ ጠቅልዬ አስቀመጥኩ።
ባራተኛው ጠዋት መጋረጃ ገለጥኩ፤
ማዶ የሚባል የለም።

ብርሃኑ ዘው አለ፣ ደጁንም ሳይመታ፣
እንደ ሥጋ ዘመድ እስከ ጓዳ ገብቶ፣
ሸረሪት ያደራው ድር ላይ አብርቶ፤
አባቴ በእርሳስ የመዘገበው ዕዳ
(ሁለት ብር ከስሙኒ፣ የባንክ ቤቷ ልጅ)
ዛሬ ተነበበኝ ከዚያ ከግድግዳ።

እውነቱን ልናገር፦ ደስ አለኝ።
ደስ ማለቴ ደግሞ ወዲያው አሳፈረኝ፤
ቢሆንም፣ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ግድም ደረጃው አቃስቶ
ጋሽ ልሳነወርቅ፣ የማዶው ልብስ ሰፊ፣
ሜትሩን አንገቱ ላይ እንደ ሻርፕ አጥልቶ፦
«ጉርድ ፎቶ አሉኝ ለኮንዶሚኒየም፤
ያለሱ ቁልፍ የለም።»

መብራት ጠፍቶ ነበር። ቢኖርም አልሻውም፤
ፍላሽ ሰው ያስበረግጋል፣ እንደ ዘብ ባትሪ።
በርጩማውን አራቅሁ አንድ ክንድ ተኩል፣
ትከሻውን ሰበር፣ ፊቱን በመስኮት በኩል፤
ከጨለመው ጉንጩ ጎን ነጭ ካርቶን አቆምኩ፣
ብርሃን እንዲለዝብ አንሶላ ወጠርኩ።

ብድግ አለ። ጨርቁን በሁለት ጣት አሸት፦
«ፖፕሊን ነው» አለ። «ጠርዙን ቀምቅሜያለሁ
በእጄ፣ ያኔ ድሮ። አባትህ የከፈለኝ
በሠርጌ ፎቶ ነው፤ አሁንም ይዣለሁ።»

ተመልሶ ተቀመጠ።
«ወዴት ልይ?»
«ወደ መስኮቱ፣ ጋሼ።»
አየ።

ሌንሱን ሳስተካክል፣ ብሌኖቹ መሀል
ሁለት ትንንሽ መስኮት ተከፍተው አየሁኝ፤
ሰማይ ነው ያለባቸው፤ ሌላ ነገር አጣሁኝ።
«ማሽኔ እዚያ ነበር» አለኝ ሳላስበው፣
አየሩን በጣቱ አንድ ቦታ ወግቶ።
«ባትህ ብርሃን ሲጠብቅ፣ እጁን አጣምሮ፣
አየውና ቶሎ ሥራዬን ጥዬ
የፊት የኋላዬን መስኮት እከፍታለሁ፤
በቤቴ አሳብሮ እንዲያልፍለት ብዬ።»

አባቴ ይህንን አልነገረኝም።
ምናልባት አላወቀም።

ደንቡ የሚፈልገው
ሁለት ጆሮ እኩል፣ ጥላ የሌለበት፤
እሱን አነሣሁለት።
ከዚያ አንድ ለራሴ፦ ግማሽ ፊቱ በርቶ፣
የግንባሩ መስመር እንደ ስፌት ጎልቶ፣
ግማሹ እዚያ ቀርቶ።

ሒሳብ አልቀበል ስል ሜትሩን ዘረጋ፣
መስኮቴን ለካና ራሱን ነቀነቀ፦
«አንሶላህ አነሰ፤ ብርሃኑ ሰፍቷል እኮ።
ሁለት ክንድ ይቀጠላል።
ማሽኔን የማቆምበት ጥግ ሳገኝ ይደርሳል።»

አጣጥፎ ይዞት ወረደ።
እርቃኑን በቀረው መስኮት ወደ ታች ሳይ
ጋሽ ልሳነወርቅ፣ አንሶላዬን ታቅፎ፣
ፍርስራሹ መሀል፣ ቀስ እያለ፣
በቤቱ አሳብሮ ይሄዳል።