ቁልፍ የሌለው ኪስ

የሐዋሳውን ቤት ቁልፍ ላከራይ መለስን፤
የፊንላንዱን ቤት ገና አልተቀበልን።
በሁለቱ መሐል አምስት ቀን አገኘን፣
ዘመድ ልንሰናበት ባሕር ዳር ገባን።
ኪሴን ስዳብሰው የሚንሿሿ የለም፤
እንዲህ ቀልዬ አላውቅም፣
እንዲህም ደክሞኝ አያውቅም።

ስመኝ ደብተር ይዛለች፤
ገጹን ለሁለት ከፍላ በእስክሪብቶ አስምራለች፤
የሷ ወገን በግራ፣ የኔ ወገን በቀኝ፣
የረሳሁትን ያጎት ልጅ ሳይቀር አስታወሰችኝ።
ሽምብጥ አክስቷ አሉ፣ ግሽ ዓባይ ክርስትና እናቴ፣
ዓባይ ማዶ ወንድሟ፣ ሹም አቦ ታላቅ እህቴ።
አንድ ቤት ከዘለልን እስከ ልጅ ልጅ ቂም ነው፤
ሁሉን እናዳርስ ካልን መከራው የሆድ ነው፤
«በልተን መጣን» የሚል ሰው
በዚህ አገር እንደ ዋሾ ነው የሚታየው።

ለአንድ ሰው የተፈቀደው ሃያ ሦስት ኪሎ ነው።
እትዬ ጥሩዓለም ሽሮ ብቻ ዘጠኝ ኪሎ አሸክመው፣
«ይህቺን ለመንገድ» አሉን።
ማታ ማታ ሻንጣውን በጣታችን አንጠልጥለን፣
«ሃያ አምስት?» «ኧረ ሃያ ሰባት!» እየተባባልን፣
የስመኝን ጫማ አውጥተን በሽሮው ተካን፣
የኔን መጽሐፍ አውጥተን በሽሮው ተካን።
ሽሮው ገና ግማሹ ውጭ ነው።

ዘውዱ ያው እንደ ጥንቱ ከዘንባባው ሥር ነው፤
ፓምፑ፣ የውሃ ገንዳው፣ የተላጠው ጎማው።
እጁ ግራሶ ቢሆንበት አንጓውን ሰጠኝ ለሰላምታ፣
ሰንሰለት ማጥበቁን ሳይተው፣ በርጋታ።
«ሚስትህን ተከትለህ?»
«አዎ፣ ተከትዬ።»
«እኔም ብትጠራኝ እሄድ ነበር» አለ።
ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም፤
ሁለታችንም እናውቃለን። እሷ አልጠራችውም።
ከግድግዳው፣ ከምስማሩ፣
የኔ አሥራ አምስት ቁጥር መፍቻ ተንጠልጥሏል፤ ዝጓል ዳር ዳሩ።
«ልውሰደው?» አልሁ በቀልድ።
«ተወው። ሰው ሊዋሰኝ ሲመጣ፣ የሱ ነው እላለሁ፤
ያን ጊዜ እዚሁ እንዳለህ እቆጥራለሁ።»

ሐይቁ ዳር ጋሽ እንድሪስ ደንገል ያስራሉ፤
«አዲስ ነው፤ ያኛው ጠገበ» ይላሉ።
አሮጌው ታንኳ ውሃ ከብዶት፣ ግንብ ተደግፎ
ፀሐይ ይሞቃል፣ እንደ ሽማግሌ አጎንብሶ።
ከአባቴ ጋር አምባዛ ሲገበያዩ የኖሩ ናቸው፤
አሁን ዓይናቸው ደክሟል፤ በአባቴ ሳል ነው የለዩኝ።
«ወዴት ነው መንገዱ?»
«ሐይቅ የበዛበት አገር ነው። ብርዱ ሲገባ ግን ይረጋል፤
ሰው በላዩ ይራመዳል፣ መኪና ሳይቀር ይነዳል።»
ቋጠሮውን ገታ አደረጉ።
«ታዲያ» አሉ፣ «አሳው የት ይገባል?»
የተማረችው ስመኝ ናት፤ ዞሬ እሷን አየሁ።
«ከሥር ነው፣ አባባ። ከሥሩ ውሃው አይረጋም፤
አሳው ቀስ ይላል እንጂ አይሞትም።»
«እንግዲያስ ደግ» ብለው ደንገሉን ሳብ አደረጉ፤
እሱን ምርቃት አድርገን ተነሣን።

ባምስተኛው ማታ ደብተሩን ገለጥሁ፤
ሁሉም ቤት ተሰርዟል፤ ሁለት ቀርቶ አየሁ፤
በግራ አንድ፣ በቀኝ አንድ፤
የሷ ታናሽ አክስት፣ የኔ ያጎት ልጅ።
«ገና ሁለት ሰዓት ነው፤ ባጃጅ ልጥራ» ብዬ ብድግ ስል
እጄን ያዘችኝ።

«ተወው። ሆን ብዬ ነው።
ቂም ይያዙብን፤ ቂም የያዘ ሰው አይረሳም።
ስንመጣ መጀመሪያ እነሱ ቤት እንገባለን፤
እነሱ ይሰድቡናል፣
እኛ እንበላለን።»